ከለንደን ወደ ሲድኒ በየት በኩል? የርቀት፣ የበረራ ሰዓትና የማረፊያ ንጽጽር

በለንደንና በሲድኒ መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 17,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በምድር ገጽ ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎች ቢበዛ ሊራራቁ የሚችሉት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጉዞ ሊኖር ከሚችለው ረጅሙ ርቀት 85 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የአውስትራሊያው ካንታስ አየር መንገድ ሁለቱን ከተሞች ሳያርፉ የሚያገናኙ 12 ኤርባስ ኤ350-1000 አውሮፕላኖችን ማዘዙን እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ መደበኛው ቀጥታ በረራ ስላልተጀመረ፣ ከለንደን ተነሥቶ ሲድኒ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቦታ ማረፍ ይኖርበታል።

ምርጫውም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማረፊያው ሲንጋፖር፣ ዱባይ ወይም ዶሃ፣ የምዕራብ አውስትራሊያዋ ፐርዝ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሎስ አንጀለስ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየውን የኪሎ ሜትርና የጠቅላላ ሰዓት ቁጥር አነጻጽሮ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። በዚህ መስመር ላይ ግን ይህ አሠራር ብዙም አያዋጣም ባይ ነኝ። በዋና ዋናዎቹ መንገዶች መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ከአንድ ሰዓት በረራ የማይበልጥ ሲሆን፣ ጉዞው የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ መንገደኛው በስንት ሰዓት እንደሚያርፍና ቲኬቱ እንዴት እንደተያያዘ ግን ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ርቀቱን በትክክል ማንበብ

የአየር ርቀት የሚሰላው የምድርን ክብነት ተከትሎ በሚሄደው አጭሩ መስመር ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይህ መስመር ወደ ሰሜን የጎበጠና ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ይመስላል። በሉል ካርታ ላይ ክር ይዞ አንዱን ጫፍ ለንደን ላይ፣ ሌላውን ሲድኒ ላይ አጥብቆ የሚወጥር ሰው ግን ክሩ በራሱ በሩሲያ ሰማይ በኩል ሲያልፍ ያያል። ርቀቱን የሚገልጹት መለኪያዎችም የተለያዩ ስለሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ 17,016 ኪሎ ሜትር፣ 10,573 ማይልና 9,188 ኖቲካል ማይል ሦስቱም ያንኑ መንገድ የሚገልጹ ናቸው። አየር መንገዶችና አብራሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተለመደው ማይል ደግሞ 1.609 ኪሎ ሜትር ነው።

ማረፊያዎቹን ጨምረን ስናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን። ከለንደን ሲንጋፖር 10,885 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሲንጋፖር ሲድኒ ደግሞ 6,300። ድምሩ ወደ 17,185 ስለሚሆን ሲንጋፖር ላይ ማረፍ ከአጭሩ መስመር የሚያስረዝመው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም የሩብ ሰዓት በረራ እንኳ አይሞላም። በዱባይ በኩል 5,500 እና 12,040 ተደምረው ወደ 17,540 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። በዶሃ በኩል ያለው ድምር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ 17,600 ገደማ ነው። በፐርዝ በኩል ለንደን–ፐርዝ 14,500፣ ፐርዝ–ሲድኒ 3,280 ስለሆነ 17,780 ይደርሳል። በሆንግ ኮንግ በኩል ያለው ድምር ከአጭሩ መስመር ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በሎስ አንጀለስ በኩል ግን 8,780 እና 12,050 ተደምረው ወደ 20,830 ስለሚመጡ 3,800 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይጠይቃል።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ማረፊያዎች እንደዚህ የተቀራረበ ድምር የሚያሳዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ቦታዎች በምድር ትይዩ ዳርቻዎች ላይ ወደ መገኘት እየተጠጉ በሄዱ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስዱት መንገዶች ርዝመት እየተቀራረበ ይሄዳል፤ ልክ በተቃራኒ ጫፎች ላይ ቢሆኑ ኖሮ በየትኛውም አቅጣጫ ቢኬድ ርቀቱ አንድ ይሆን ነበር። ለንደንና ሲድኒ እዚያ ደረጃ ባይደርሱም ወደዚያ የቀረቡ ናቸው። በዚህም ምክንያት አየር መንገዶች ማረፊያቸውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ቢያዛውሩ በርቀት በኩል ብዙ አይጎዱም። ካንታስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን በረራውን ማረፊያ ከሲንጋፖር ወደ ዱባይ ካዛወረ በኋላ በ2018 ወደ ሲንጋፖር መልሶታል።

በወረቀት ላይ የተሰላ ርቀትና አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚበረው ርቀት ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ካንታስ በቦይንግ 787-9 አውሮፕላን ከለንደን ሲድኒ ሳያርፍ ባደረገው የሙከራ በረራ የበረረው 17,800 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የፈጀው ጊዜ 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነበር። የነፋስ ሁኔታ፣ የአየር ክልል ፈቃድና የትራፊክ ቁጥጥር አውሮፕላኑን ከአጭሩ መስመር ያወጡታል። ለዚህ ግልጹ ማሳያ ሆንግ ኮንግ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2022 የካቲት ወር ወዲህ ሩሲያና ብሪታንያ የአየር ክልላቸውን አንዳቸው ለሌላው አየር መንገድ ስለዘጉ፣ በሳይቤሪያ ሰማይ ያልፍ የነበረው የለንደን–ሆንግ ኮንግ በረራ በደቡብ በኩል ዞሮ መሄድ ግድ ሆኖበታል። በስሌት ከሁሉም አጭር የሆነው መንገድ በተግባር ብልጫውን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሆንግ ኮንግ ጉዳይ ለሌለው መንገደኛ ይህን መስመር ከሲንጋፖር የሚያስመርጥ ነገር አይታየኝም።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት

የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። የአንድን በረራ ሰዓት በግምት ለማወቅ ኪሎ ሜትሩን ለ880 አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት መጨመር ይበቃል። በዚህ ስሌት ለንደን–ሲንጋፖር 13 ሰዓት ገደማ፣ ሲንጋፖር–ሲድኒ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ለንደን–ዱባይ 7 ሰዓት፣ ዱባይ–ሲድኒ 14 ሰዓት፣ ለንደን–ፐርዝ 17 ሰዓት፣ ፐርዝ–ሲድኒ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ይሆናል። በአየር ላይ የሚጠፋው ጠቅላላ ጊዜ በሦስቱም መንገዶች 21 ሰዓት አካባቢ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በሎስ አንጀለስ በኩል ግን ወደ 25 ሰዓት ይጠጋል።

የመመለሻው ጉዞ ይረዝማል። ጄት ስትሪም የተባለው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ሲድኒ የሚሄደውን አውሮፕላን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ለንደን የሚመለሰውን ደግሞ ከፊት ይቋቋመዋል። ሲንጋፖር–ለንደን 14 ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ይህ የነፋስ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በግልጽ ታይቷል። በመካከለኛው ምሥራቅ ውጥረት ምክንያት ካንታስ የአየር መስመሩን ሲቀይር ከፐርዝ ለንደን የሚሄደው በረራ ረጅሙን መንገድ በአንድ ሙሌት ነዳጅ መጨረስ ስላልቻለ ሲንጋፖር እያረፈ እንዲሞላ ተደርጓል፤ ከለንደን ፐርዝ የሚመለሰው ግን ነፋሱ ስለሚያግዘው ሳያርፍ መብረሩን ቀጥሏል።

በቲኬት ላይ የሚጻፈው የበረራ ሰዓት አውሮፕላኑ ከመንገደኞች መግቢያ በር ከተነሣበት እስከ መድረሻው በር እስከሚቆምበት ያለው ጊዜ ነው። መሬት ላይ መንደርደርንና ወረፋን ስለሚጨምር በአየር ላይ ከሚጠፋው ጊዜ ይበልጣል። አንዱ ድረ ገጽ 20 ሰዓት፣ ሌላው 22 ሰዓት ብሎ ሲጽፍ አንደኛው ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

ጉዞው የት ላይ ይቆረጥ?

በእኔ ግምት ዋናው የምርጫ ጥያቄ ይህ ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ የሚያርፍ ጉዞ አንድ ሦስተኛው ላይ ይቆረጣል፤ 7 ሰዓት ይበረርና ከዕረፍት በኋላ 14 ሰዓት ይቀጥላል። ሲንጋፖር ጉዞውን ሁለት ሦስተኛው ላይ ይቆርጠዋል፤ 13 ሰዓት ይበረርና 8 ሰዓት ያህል ይቀራል። ፐርዝ ደግሞ 17 ሰዓት ካስበረረ በኋላ የሀገር ውስጥ በረራ ያህል ብቻ ያስቀራል። እነዚህ ሦስት አከፋፈሎች በእንቅልፍ ላይ የሚያመጡት ውጤት እጅግ የተለያየ ነው። ይህን ለማየት የሰዓት ሰሌዳ ይዞ ማስላት ያስፈልጋል።

ስሌቱን ለማቅለል በዚህ ክፍል የምጠቀምበት ሰዓት በቲኬት ላይ እንደሚታተመው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ሰሌዳዎቹም ለማሳያ የተዘጋጁ እንጂ የአንድ የተወሰነ በረራ አይደሉም። በጥር ወር ሲድኒ ከለንደን 11 ሰዓት ትቀድማለች። መንገደኛው ሰኞ 21:00 ላይ ከለንደን ቢነሣና 13 ሰዓት ቢበር፣ ሲንጋፖር ከለንደን 8 ሰዓት ስለምትቀድም ማክሰኞ 18:00 ላይ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ 20:00 ላይ ተነሥቶ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲበር ሲድኒ የሚያርፈው ረቡዕ 06:40 ነው። ጠቅላላ ጉዞው 22 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው። አሁን ያንኑ ጉዞ በሲድኒ ሰዓት እንየው፦ የመጀመሪያው በረራ ከ08:00 እስከ 21:00 የሲድኒ ቀን ላይ ይውላል፤ ሁለተኛው ከ23:00 እስከ ንጋት የሲድኒ ሌሊት ላይ ያርፋል። መንገደኛው በመጀመሪያው በረራ የለንደንን ሌሊት ይተኛል፣ በሁለተኛው ደግሞ የሲድኒን ሌሊት የመተኛት ዕድል ያገኛል። ወንበር ላይ በቀላሉ ለሚተኛ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ከሁለቱ አንዱን መሥዋዕት ማድረግ ግድ ከሆነ ግን በመጀመሪያው በረራ እንቅልፍን ቆጥቦ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ መተኛት ይበጃል፤ የሰውነት ሰዓት ወደ ሲድኒ መዞር የሚጀምረው በሁለተኛው ነውና።

የዱባዩን እንውሰድ። ከለንደን 20:00 ላይ ተነሥቶ ከ7 ሰዓት በኋላ በዱባይ ሰዓት 07:00 ይደረሳል። ይህ በረራ አስቸጋሪ ነው፤ ራት ቀርቦ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ ቁርስ ለማቅረብ ደግሞ ከመድረሱ በፊት መብራት ይበራል፣ በመካከል የሚቀረው እንቅልፍ አራት ሰዓት ቢሞላ ነው። ሦስት ሰዓት ቆይቶ 10:00 ላይ የሚነሣው ሁለተኛው በረራ ግን በሲድኒ ሰዓት 17:00 ላይ ጀምሮ 07:00 ላይ ያበቃል። ማለትም 14 ሰዓቱ በሙሉ በሲድኒ ምሽትና ሌሊት ላይ ይውላል። ጠቅላላው 24 ሰዓት ነው፤ ከሲንጋፖሩ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበልጣል። የደከመው መንገደኛ በዚህኛው በረራ ረጅም እንቅልፍ ሊተኛ ስለሚችል፣ ካልደከመው በስተቀር አውሮፕላን ላይ ዓይኑ የማይከደን ሰው በዱባይ በኩል ቢሄድ የተሻለ ዐርፎ ሊደርስ ይችላል። ሰዓት በሰዓት ሲነጻጸር የተሸነፈው መንገድ በእንቅልፍ ሊያሸንፍ የሚችለው እንዲህ ነው።

የባሕረ ሰላጤው መንገድ፣ ማለትም የዱባይና የዶሃው፣ ሌላም ብልጫ አለው፤ መነሻው ለንደን ላልሆነ ሰው ያዋጣል። ከበርሚንግሃም፣ ከኒውካስል ወይም ከግላስጎ በቀጥታ ዱባይ የሚበር አገልግሎት ስላለ መንገደኛው የለንደኑ ሂዝሮው ኤርፖርት ድረስ ለመምጣት ከሚያወጣው ጊዜና ጣጣ ይድናል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ሰው በሲንጋፖር በኩል የሚገኘውን የ350 ኪሎ ሜትር ቁጠባ ብሎ ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ቢቀይር ትርፉ ድካም ነው። በሌላ በኩል በዚህ አካባቢ ያለው የአየር ክልል በድንገት ሊዘጋ እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2025 ኳታር የአየር ክልሏን ለሰዓታት ስትዘጋ ወደ ዶሃ ያመሩ የነበሩ በረራዎች ወደ ሌሎች ከተሞች ተመልሰዋል። ቀኑ ሊለወጥ የማይችል ጉዳይ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚሄድ፣ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ቀናት ዜናውን መከታተልና አንድ ቀን ቀደም ብሎ መሄድ አለበት።

የፐርዝ መንገድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሲጀመር አውሮፓንና አውስትራሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርፍ ያገናኘ መደበኛ በረራ ሆኗል። ካንታስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ከሲድኒ ለንደን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ ብዙ ከተሞች ላይ እያረፈ አራት ቀን የፈጀ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ዛሬ 17 ሰዓት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መድረስ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ይህን መንገድ ለሁሉም ሰው አልመክረውም። መድረሻው ፐርዝ ራሷ ለሆነች ሰው ያለ ጥርጥር ይህ ተመራጭ ነው። አዛውንት ወላጆችን ወይም እንግሊዝኛ የማይናገሩ ዘመዶችን ብቻቸውን ለሚልክ ሰውም፣ በሦስተኛ ሀገር ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ የሚደረገውን ፍለጋ ስለሚያስቀር ጠቃሚ ነው። ለሌላው ግን 17 ሰዓቱ ረጅም ነው፤ የሰዓት ሰሌዳውም ጠባብ ሊሆን ይችላል። በጥር ወር 12:00 ላይ ከለንደን የሚነሣ በረራ በማግሥቱ 13:00 ፐርዝ ይደርሳል፤ 15:30 ላይ ተነሥቶ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቢበር፣ ሲድኒ በዚያ ወቅት ከፐርዝ 3 ሰዓት ስለምትቀድም የሚያርፈው 22:40 ነው። ይህ ሰዓት ለምን እንደሚያሳስብ ቀጥሎ እንመለከታለን።

የሎስ አንጀለሱን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ የሚያልፍ መንገደኛ ከኤርፖርት ሳይወጣ ወደ ሌላ አውሮፕላን ለሚሸጋገር እንኳ የአሜሪካን የመግቢያ ፈቃድ ወይም የትራንዚት ቪዛ መያዝና በኢሚግሬሽን ማለፍ ግዴታው ነው። ከዚያ ወደ ሲድኒ ሲቀጥል ዓለም አቀፉን የቀን መስመር ስለሚያቋርጥ ከቀን መቁጠሪያው አንድ ቀን ይዘላል። አሜሪካ ላይ ቀናት ማሳለፍ ለሚፈልግ እንጂ ቶሎ መድረስ ለሚፈልግ የሚሆን መንገድ አይደለም።

የሲድኒ የሌሊት ዕገዳና የወቅቶች መዛነቅ

የሲድኒ ኤርፖርት የሚገኘው በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ስለሆነ፣ ከጥቂት የተፈቀዱ በረራዎች በስተቀር ከ23:00 እስከ 06:00 አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ ይከለክላል። ከላይ በፐርዝ በኩል 22:40 ላይ ያርፋል ያልነው በረራ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢዘገይ ከዚህ ገደብ ጋር ይጋጫል፤ መንገደኛውም ፐርዝ ወይም ሌላ ከተማ ሊያድር ይችላል። ወደ ሲድኒ የሚሄድ ሰው ከ20:30 በኋላ የሚያደርስ ቲኬት ባይገዛ ይመረጣል። ጧት የሚያደርስ ከሆነ ግን ቢዘገይም ቀኑ ይጠብቀዋል።

የሰዓት ልዩነቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ለንደን ከመጋቢት መጨረሻ እሑድ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እሑድ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰዓቷን አንድ ታስቀድማለች፤ ሲድኒ ደግሞ በተቃራኒው ወቅት፣ ከጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ እስከ ሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ፣ እንዲሁ ታደርጋለች። በዚህ ምክንያት ልዩነቱ በአውሮፓ ክረምት 11 ሰዓት፣ በአውሮፓ በጋ 9 ሰዓት፣ በመሸጋገሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት 10 ሰዓት ይሆናል። ሲንጋፖር፣ ዱባይ፣ ዶሃና ፐርዝ ሰዓታቸውን አይቀይሩም። ከላይ 06:40 ያረፈው የሲንጋፖር ጉዞ በዚያው 21:00 መነሻ በሐምሌ ቢደረግ ሲድኒ 04:40 ላይ ይደርስ ነበር፤ ይህ ደግሞ በዕገዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ አየር መንገዶች በዚያ ወቅት ወይ መነሻውን ያዘገያሉ፣ ወይ ማረፊያ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማሉ። ባለፈው ጥር የሄደ ዘመድ የነገረንን ሰዓት ይዞ ለሐምሌ ጉዞ ማቀድ የማያስኬደው ለዚህ ነው።

በቲኬቱ ላይ ካለው የመድረሻ ሰዓት ጎን «+1» ወይም «+2» የሚል ትንሽ ምልክት ይታያል። ከመነሻው ቀን በኋላ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚደረስ ይገልጻል። ወደ ሲድኒ ማታ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «+2» ያያል፤ ተቀባዩ ዘመድ ኤርፖርት በአንድ ቀን ቀድሞ እንዳይሄድ ይህችን ምልክት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጠቅላላ የጉዞውን ጊዜ ለማወቅ የመድረሻውን ሰዓት ወደ ለንደን ሰዓት መልሶ ከመነሻው መቀነስ ነው፤ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፉት እያንዳንዱ በየከተማው ሰዓት ስለሆነ ዝም ብሎ መቀነስ ያሳስታል።

ሰውነትና ማረፊያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ እንቅስቃሴ በሚደረግ ጉዞ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ተገልጿል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰዎች በአንዱ ላይ የሚደርስ ያህል። ይሁን እንጂ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የፐርዙን 17 ሰዓት ባይመርጥ እመክራለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሲንጋፖር ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ተራምዶ መቀጠል ይሻለዋል። የሚበረው ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 መሆኑን ማየትም ይጠቅማል። በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ሲሆን፣ በብዙ የቀድሞ አውሮፕላኖች ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳለው ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ራስ ምታትና ድካም ለሚያስቸግረው ሰው ይሰማል።

ማረፊያዎቹም በአሠራራቸው ይለያያሉ። በሲንጋፖር ቻንጊ ኤርፖርት አብዛኞቹ ተርሚናሎች የእጅ ሻንጣ የሚፈተሸው መሳፈሪያው በር ላይ ስለሆነ፣ በትራንዚት ሱቆች የተሞላ የውኃ ጠርሙስ በሩ ላይ ይደፋል፤ በሩም ከመነሻው ሰዓት በፊት ስለሚዘጋ ለፍተሻው ጊዜ መተው ይገባል። በዱባይ ፍተሻው መንገደኛው ከመጀመሪያው አውሮፕላን እንደወረደ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአንዱ የመሳፈሪያ ሕንፃ ወደ ሌላው በባቡር መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በሁለቱም ቦታ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ መሸጋገሪያ በቲኬት ላይ ቢፈቀድም ልጅ ለያዘ ወይም ለአዛውንት አይበቃም።

ቲኬቱ አንድ ይሁን ወይስ ሁለት?

ከለንደን ሲንጋፖር አንድ ቲኬት፣ ከሲንጋፖር ሲድኒ ሌላ ቲኬት ለየብቻ መግዛት አንዳንድ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለቱ ካልተያያዙ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ የሁለተኛው አየር መንገድ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ሻንጣም ወደ መጨረሻው መድረሻ ላይላክ ስለሚችል መንገደኛው በኢሚግሬሽን ወጥቶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርበታል። እንደ ፓስፖርቱም ለዚህ መውጣት ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። በሁለት ቲኬት የሚሄድ ሰው ማረፊያው ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲያድር አድርጎ ካላቀደ በቀር የሚያተርፈው ገንዘብ ስጋቱን አይመጥነውም።

በአንድ ቲኬት የሚሄድ ግን የሕግ ከለላ አለው። ከብሪታንያ ኤርፖርት በማንኛውም አየር መንገድ የሚነሣ መንገደኛ፣ መዘግየቱ በአየር መንገዱ ጥፋት የመጣ ከሆነና የመጨረሻ መድረሻው ላይ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ፣ እንዲህ ላለው ረጅም ርቀት 520 ፓውንድ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት በማረፊያው ላይ ሁለተኛው በረራ ላመለጠውም ይሠራል። ከሲድኒ ወደ ለንደን ሲመለስ ግን ሕጉ የሚሠራው የብሪታንያ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው፣ በሲንጋፖር ወይም በአውስትራሊያ አየር መንገድ የሚመለስ መንገደኛ በዚህ ሕግ ካሳ አያገኝም። ሁለተኛው በረራ ቢያመልጥ ደግሞ በዚያው ቀን ስንት ሌላ በረራ እንዳለ ቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ከሲንጋፖር ሲድኒ በቀን በርካታ በረራዎች ስላሉ የመቆያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታት ሲሆን፣ ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች ግን በረራዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ግማሽ ቀን ሊያስጠብቅ ይችላል። መሸጋገሪያው ጠባብ ለሆነበት ሰው ይህ አንድ ልዩነት ብቻውን ሲንጋፖርን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።